ዘይት ጨምሪ

የአዳራሹ ቁልፍ ከወገቤ አይወርድም፤
መብራቱ ሳይጠፋ ወደ ቤት አልሄድም።
ፕራቶ ላይ ነው ነገሩ፣ ጨርቅ በሚሠራበት፣
የስፌት መኪና ሌሊት በማይተኛበት፤
ከፒስቶያ መንገድ ማዶ፣ ከማቅለሚያው አጠገብ፣
ዐሥራ ሁለት ልጆች ይመጣሉ ለመረብ።

ሺንያን አንዷ ናት። ቁመተ ሎጋ ናት፣
ዐሥራ ሰባት ዓመቷ፣ እዚሁ የወለዷት።
መምህሩ ሳይቀር ገና ሲያያት ገጿን
«ፒንግ ፖንግ ነው?» ይላታል፣ ሳይጠይቅ ምርጫዋን።
ራኬት ጨብጣ አታውቅም።
እኔንም «ሯጭ ነህ ወይ?» የማይል የለም ሰው፤
አውቶቡስ ሲያመልጠኝ ቆሜ ነው የማየው።

ባለፈው ቅዳሜ ቴሌቪዥን ሰቀልን፤
ቻይናና ጣሊያን ነው፣ ሴቶቹ። ተሰበሰብን።
ጁንካይ መጣ፣ ቀዩን ባንዲራ ተከናንቦ፣
አያቱ የላኩለት፣ ከሻንጣ ሥር ከርሞ፣ ተጨማድዶ፣ ታጥቦ።
ሀገሩን ያየው ሁለት ክረምት ብቻ ነው፤
አክስቶቹ እየሳቁ ነው ቋንቋውን ያረሙት፣ ሲናገረው።
ኳሷ ስትነሳ ግን፣ ደረቱ ሲነፋ፣
ትናንት የማውቀው የሰፈር ልጅ ጠፋ።

ሺንያን ምንም የላት፤ ባንዲራም፣ ቀለምም፤
በግራጫ ሹራብ ተቀምጣ ጥግ፣ ዝም።
ጣሊያን ነጥብ ሲይዝ «ፎርዛ!» አለች በድንገት፤
ቻይና ሲመልስ «ጂያዮ!» በዚያው አንገት።
«ከማን ወገን ነሽ አንቺ? ምረጪ!» አላት ጁንካይ፤
«ሰርቪሱ ያመልጥሃል፤ ዝም በልና እይ።»

በዕረፍቱ ጠየቅኋት፦ ምንድን ነው ጂያዮ?
«ዘይት ጨምሪ ማለት ነው» አለችኝ፣
«እንደ መብራት፣ እንደ መኪና። በእናንተስ?»
አይዞሽ፣ አልኳት።
ሦስቴ ሞከረችው። «ዞ» ላይ ምላሷ እየተያዘ።

ዘይት። አባቷን አስታወሰኝ ቃሉ፤
ፓን ጉዎሊያንግ፣ መኪና ሥር ነው መዋሉ፤
ቀጭን አፍ ጣሳ ይዞ፣ ጠብታ በጠብታ፣
ዐርባ ሁለት መርፌ ያጠጣል በየማታ።
ነግሮኛል አንድ ጊዜ፦ ልጅ ሳለ፣ በመንደሩ፣
መቶ ሰው በአንድ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ዙሪያ ሲያድሩ፣
ሴቶቹ ዋንጫ ሲያነሱ ሽማግሌ አለቀሰ፣
ለዓመት የተኳረፈ ጎረቤት አጥሩን አፈረሰ።
«ከዚያ ወዲያ መረብ ኳስ ባየሁ ይርበኛል፤
ያኔ የበላነው ስኳር ድንች ይሸተኛል።»

እሷ ድንቹን አታውቅም። የእሷ ርሃብ ሌላ ነው፤
ለሀገር ታዳጊ ቡድን ስሟን ሊይዙት ነው፣
ከዚያ ወረቀት መጣ፣ «ዜግነት» የሚል ሣጥን።
ዐሥራ ስምንት እስኪሞላሽ ጠብቂ፣ አሏት ያኔ መልሱን።
ሲሞላም፣ አንዱን ስትይዢ ሌላውን መልሺ ነው።
ፓስፖርቶቹን አሳይታኛለች፣ የራሷንና የአሠልጣኟን፣
ጎን ለጎን አድርጋ፦ ሁለቱም የደረቀ ደም መሳይ ቀይ፣
በጨለማ ቢዳሰሱ አንዱ ካንዱ የማይለይ።

አምስተኛው ዙር። ዐሥራ አራት እኩል።
ጁንካይ ባንዲራውን ነክሷል፣ በጥርሱ፣ እስኪያኝከው ሊል።
ሺንያን ቆማለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣
ድምፅ የለውም፤ የትኛው ቃል እንደሆነ ማን ያውቃል።

አለቀ። ግማሹ ጮኸ፣ ግማሹ ወንበር መታ።
አባቷ በር ላይ ነው፣ ሊወስዳት፣ እንደ ሁልጊዜው ማታ፣
ጥፍሩ ጥቁር፣ እጁ ገና ዘይት፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ።
«ማን አሸነፈ?»
«እኛ።»
ጁንካይ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።
አባቷም የትኞቹ እኛ ብሎ አልጠየቀ፤
የመረቡን አንድ ጫፍ ያዘልኝ፣ አብረን ጠቀለልነው።

ሰኞ ስዘረጋው ነጩ ጠርዝ ላይ የጣቱ አሻራ አለ፣
አራት ጣት፣ ቡናማ።
በሳሙና አሸሁት። አልለቀቀም።
ተውኩት።